መዝገብ የገባ መድኃኒትና የቤት ጥንቃቄ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመከር ወራት በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የበቆሎ ማሳ ዓይን የሚያጠግብ ነው። ነገር ግን የባላገሩ ድካም በማሳው ላይ አያበቃም፤ እህሉ ወደ ጐተራ ከገባ በኋላ ነቀዝ ይጠብቀዋልና። ስለዚህም ባላገሩ በገበያ ቀን የነቀዝ መድኃኒት ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ! «መድኃኒት» እያልን የምንጠራው ይህ ነገር በእውነቱ መርዝ ነው። ስሙ ስለሚያዘናጋ ከምግብ ዕቃ አጠገብ ይቀመጣል፤ ልጆችም ይነካኩታል።

መንግሥት ይህን ጕዳት ለመከላከል አስቀድሞ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20፥ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ በሕግ ወሰነ። ዛሬ ይህን ሥራ የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው።

መመዝገብ ማለት ስምን በደብተር መጻፍ ብቻ አይደለም። አስመዝጋቢው መድኃኒቱ ከምን እንደ ተሠራ፥ ሰውንና እንስሳን ምን ያህል እንደሚጐዳ፥ በእህሉ ላይም ምን እንደሚቀር ማስረጃ ያቀርባል። በዕቃው ላይ የሚለጠፈውም ጽሑፍ ይመረመራል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለታወቀ ሰብል፥ ለታወቀ ተባይና በታወቀ ልክ ነው። ለአንዱ የተፈቀደውን ለሌላው ያዋለ ሰው ከምዝገባው ጥበቃ ወጣ ማለት ነው። ለምሳሌ ዲ.ዲ.ቲ. በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም በተፈረመው የመንግሥታት ውል በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ተወስኗል፤ ለእርሻ አልተፈቀደም።

ለጐተራ ከሚሸጡት መካከል አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ክኒን ዋነኛ ነው። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙም ነቀዙን እንደሚገድል ሰውንም ይገድላል። በጭቃ የተመረገ ጐተራ ጋዙን አጥብቆ አይይዝም፤ ስለዚህ ቤተ ሰብ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ባለ እህል ላይ ይህን ክኒን ማኖር የተኙትን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

እንግዲህ በቤታችን የሚገባን ይህ ነው። ከታወቀና ፈቃድ ካለው ነጋዴ እንግዛ፤ በሌላ ዕቃ የተገለበጠውን ወይም ጽሑፍ የሌለውን አንቀበል። የምዝገባውን ቁጥርና የሚያልፍበትን ቀን እንመልከት። በብዙ ዕቃዎች ግርጌ ያለው ቀይ ቀለም እጅግ አደገኛ መሆኑን እንወቅ። ባዶውን ጀሪካን ለውሃ ወይም ለዘይት አናውለው። አደጋ ቢደርስ የታመመውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን፥ በዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዘን፥ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰደው።

ከሁሉ በላይ ግን የተማረ ሰው ግዴታ አለበት። ዕቃው ላይ የተጻፈው ማንበብ ለማይችለው ባላገር ምንም አይነግረውም። ስለዚህ በየሄድንበት መንደር ጽሑፉን ጮክ ብለን እናንብብለት፤ ትርጓሜውንም እናስረዳው። በአዲስ አበባ የተጻፈው አዋጅ በቡሬ ገጠር ያለውን ሕፃን የሚጠብቀው በዚህ ጊዜ ነው።