በቡድን ሆኖ በሞተር ሳይክል ወደ ኬንያ ለመሻገር ስለሚያስፈልገው ዝግጅት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ ዛሬ ቡሌ ሆራ በሚባለው በሐገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ አልፎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ ርዝመቱ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ ለመግባትም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ርቀት ይቀራል። መንገዱ ካይሮን ከኬፕታውን ጋር ለማያያዝ የታቀደው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አንድ ክፍል ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው የኬንያ መንገድ ቀድሞ የጭነት መኪናን ሳይቀር የሚያሰቃይ ኮረኮንች ነበር፤ እስከ 2009 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ግን ክፍል በክፍል አስፋልት ለብሷል። ስለዚህ ጓደኛሞች ተሰባስበው በሞተር ሳይክል ናይሮቢ ደርሰው ቢመለሱ ዛሬ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

መንገዱ መልካም ሆነ ማለት ግን ጉዞው ዝግጅት አይፈልግም ማለት አይደለም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሚጠየቀው ስለ ራሱ ብቻ ነው። ቡድን ግን የሚለካው ከአባሎቹ መካከል ዝግጅቱ ባነሰው ሰው ነው። ከአሥር ሰዎች የዘጠኙ ወረቀት ተሟልቶ የአንዱ ቢጎድል፣ ወይ አሥሩም ከድንበር ላይ ያድራሉ፣ ወይ ጓደኛቸውን ጥለው ያልፋሉ። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሁሉ ይህን ከመሰለው ችግር ለመዳን የሚጠቅም ነው።

ስለ ወረቀት

እያንዳንዱ ተጓዥ ቢያንስ 6 ወር የሚጸና ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና የሞተር ሳይክሉን ሊብሬ መያዝ አለበት። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሞተር ሳይክሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ከመነሣቱ በፊት በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይገባዋል። ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልታረመ፣ ልዩነቱ የሚገኘው ከጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ነው። ሞተር ሳይክሉ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ከሆነም፣ ከአገር ይዞ ለመውጣት የሚያስችል ውክልና ማስፈለጉ አይቀርም። ሞተር ሳይክሉ ለጊዜው ወጥቶ የሚመለስ መሆኑን በጉምሩክ ማስመዝገብና ወረቀቱን እስከ መመለሻው ቀን ጠብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለቱ ቢጫ ካርዶች ነው። አንደኛው የሰው፣ ሁለተኛው የሞተር ሳይክሉ ነው። የሰውየው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ መጽናት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመነሻው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ የተሰጠው ምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሞተር ሳይክሉ ቢጫ ካርድ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው የኮሜሳ አገሮች የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። ኢትዮጵያም ኬንያም አባል ስለሆኑ፣ ካርዱን ከአገር ቤት ኢንሹራንስ አውጥቶ መሄድ ይቻላል። የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻውን ከድንበር አያልፍም።

የዘመን አቆጣጠርም መታሰብ አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር «እስከ ሰኔ 30 ቀን 2019 የጸና» የሚል ወረቀት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ ጁላይ 7 ቀን 2027 የጸና ማለት ነው። አቆጣጠሩን የማያውቅ የኬንያ ፖሊስ ግን ጊዜው ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ በአማርኛ ብቻ የተጻፈን ወረቀት በሕጋዊ መንገድ በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ፣ ቀኑንም በሁለቱ አቆጣጠር አስጽፎ መያዝ ከብዙ ክርክር ያድናል። በሰዓት በኩል ያለው ችግር አነስተኛ ነው፤ የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ነው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓትን እንደ አማርኛ ተናጋሪው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። በጽሕፈት ላይ ግን የሚሠራበት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሞያሌ የተሠራው የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል። የአሠራሩ ሐሳብ መንገደኛው የሁለቱንም አገሮች ፍተሻ በሚገባበት አገር በኩል ባለው ጣቢያ በአንድነት እንዲፈጽም ነው። ሁሉም ወረቀቱን በቅደም ተከተል አደራጅቶ በሁለት በሁለት ቅጂ ከያዘ፣ ቡድኑ ሳይጉላላ ያልፋል።

ስለ ሞተር ሳይክሉና ስለ ቤንዚን

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለደጋ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛለት የሚሰጠው ቤንዚን በአንጻሩ ያንሳል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ለመካኒክ መንገር ያስፈልጋል። ካቴናው፣ ፍሬኑና ጎማው ከአንድ ሳምንት በፊት ታይተው፣ የተለወጠው ዕቃ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ተሄዶበት መፈተን አለበት። ከመነዳሪ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የጎማ መንፊያና የመፍቻ ቁልፎች በቡድኑ ተከፋፍለው ይያዙ። ሞተር ሳይክሎቹ የአንድ ዓይነት ቢሆኑ አንዱ መለዋወጫ ለሁሉም ስለሚሆን ሸክሙ ይቀላል።

የቤንዚን ሒሳብ የሚሠራው በትንሹ ታንክ ነው። ለምሳሌ 11 ሊትር የሚይዝና በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር የሚፈጅ ሞተር ሳይክል 275 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከማርሳቢት በስተሰሜን ባለው ገላጣ ሜዳ ነፋሱ ብርቱ በመሆኑና ጭነትም ስላለ፣ ከዚህ አንድ አምስተኛው ሲቀነስ የሚታመነው ርቀት 220 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ግን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሌሎቹ ታንክ 18 ሊትር ቢይዝም፣ ለዚህ አንድ ሰው ሲባል ትርፍ ቤንዚን ለቤንዚን በተሠራ ዕቃ መያዝ ግድ ይሆናል። በዕቃ መቅዳት የማይፈቀድበት ማደያ ስለሚኖር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ውሃም ለአንድ ሰው በቀን ከ4 ሊትር ባያንስ ይመረጣል።

ስለ ግራና ቀኝ

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር፣ ኬንያ በግራ መንዳቷን ቀጥላለች። ተጓዡ ከጣቢያው ሲወጣ ሁሉም ስለሚያስታውሰው አይሳሳትም። የሚሳሳተው በማግሥቱ ጧት ከሆቴል ሲወጣ፣ ቤንዚን ቀድቶ ወደ ባዶ መንገድ ሲመለስ፣ ወይም ከብት ሸሽቶ ሲታጠፍ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማረፊያ ሲነሡ መሪው «ግራ» ብሎ ማስታወስ፣ እያንዳንዱም በመሪው እጀታ ላይ ቀይ ምልክት ማሰር ይገባዋል። በኬንያ መቅደም የሚፈቀደው በቀኝ በኩል ነው፤ አደባባይ ሲደርሱም በግራ ገብተው ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣሉ። የኬንያ ሕግ ነጂውም ከኋላ የሚቀመጠውም የራስ ቁርና ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ እንዲለብሱ ያዛል። ሲመለሱ ደግሞ ያው ጥንቃቄ በቀኝ በኩል ይደገማል።

ስለ ቡድኑ ሥርዓት

ቡድኑ እንደ ዕድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ ያስፈልገዋል። መሪው ከፊት፣ ልምድ ያለው ደጀን ከመጨረሻ ይሆናል። ልምድ የሚያንሰው ሰው ከመሪው ቀጥሎ ይሰለፋል፤ ፍጥነቱም በእርሱ ይወሰናል። ደጀኑን ቀድሞ የሚቀር ሰው የለም፤ እያንዳንዱም ከኋላው ያለው በመስታወቱ ካልታየው ቆሞ ይጠብቃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ1 ሴኮንድ 22 ሜትር ስለሚሄድ፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 44 ሜትር ይተዉ። ከ8 የሚበልጡ ከሆነ በሁለት ቢከፈሉ ይሻላል። ግመልና ከብት በመንገድ ላይ ስለሚያድር በሌሊት መጓዝ ፈጽሞ አይገባም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የቦረና ዋና ዝናብም ሲታቀድ ይታሰብ።

ስለ አስተዳደሩና ስለ ከተማው ሕዝብ

የቡድኑ አባላት ስም ዝርዝር፣ የደም ዓይነትና የቤተሰብ ስልክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ አንዱ ቅጂ በሚነሡበት ከተማ አስተዳደር ቢቀመጥ፣ አደጋ ሲደርስ የሚጠፋው ጊዜ ያንሳል። በየመንገዱ ያሉ የወረዳ የጸጥታ ጽሕፈት ቤቶችም የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ለሚጠይቅ መንገደኛ ሳያጉላሉ መንገር ይገባቸዋል። ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡ እንግዶችም ግራ የለመዱ ስለሆኑ፣ የሆቴል ባለቤትም ሆነ የትራፊክ ፖሊስ «በቀኝ ነው» ብሎ አንድ ቃል ቢያስታውሳቸው ሕይወት ያድናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ማደያዎች የቤንዚን ክፍያ በስልክ እንዲፈጸም በመደረጉም እንግዶቹ ጥሬ ገንዘብ ይዘው እንዳይቸገሩ መንገር የእንግዳ ተቀባይነት አንዱ ክፍል ነው።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ የራስ ቁር ከማጥለቅ በፊት ይህን ሁሉ መማር ይቅደም። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ ቀን ተሰብስቦ የእያንዳንዱን ወረቀት፣ ታንክና ጎማ በየተራ ይመርምር። በዚያ ቀን ጉድለቱ የተገኘበት ሰው ሊያፍር አይገባውም፤ በቤቱ የተገኘ ጉድለት በአንድ ሳምንት ይሞላል፣ በሞያሌ የተገኘ ግን ጓደኞቹን ሁሉ ያስቀራል።