ሌሊት የሚያልቅ ባትሪ

አንድ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹን ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ መኪናውን ያስገፋ ነበር። ማታ በደኅና የገባው መኪና ጧት ቁልፉ ሲዞር አልነሣም ይላል። በመጨረሻ ለትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጠው ገንዘብ ወስዶ አዲስ ባትሪ ገዛ። ሳምንቱን በሰላም ሠራ፤ እሑድ ዐርፎ ሰኞ ጧት ቢያስነሣ ግን አዲሱም ባትሪ አልቆ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ሰው ስሕተት መግዛቱ ሳይሆን ሳይመረምር መግዛቱ ነው። ባትሪ እንደ እንስራ ነውና፣ ጧት ባዶውን ቢገኝ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ወይ እንስራው ራሱ ተሰንጥቋል፣ ወይ ቀጂው በሚገባ አልሞላውም፣ ወይም ሌሊት የሚጠጣው አለ።

የመጀመሪያውን ለመለየት ከአንድ የብሎን መፍቻ በቀር መሣሪያ አያሻም። በሚገባ የተሞላውን ባትሪ ነጌቲቭ ገመዱን ፈትቶ ማሳደር ነው። ጧት ገመዱ ሲታሰር ሞተሩ ቢነሣ ባትሪው ከጥፋት ነጻ ነው፤ ባይነሣ ግን ደክሟል። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ይለካ፤ ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ዐርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ቢያሳይ ግማሹ አልቋል።

ቀጂው ዲናሞው ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ሊታይ ይገባል። ከዚህ እጅግ ቢያንስ ዲናሞው ወይም የሚያዞረው ቀበቶ ይመርመር።

ሌሊት የሚጠጣውን ለማግኘት፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ አምፔር የሚለካ ቴስተር በነጌቲቭ ገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ ከ0.05 አምፔር ብዙ ቢበልጥ፣ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት መሥመር ሌባው ያለበት ነው። ቴስተሩ እንደ ገባ ሞተር ለማስነሣት መሞከር ግን ቴስተሩን ያቃጥለዋል።

በሾፌሩ መኪና ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ከ2 አምፔር አልወረደም። ምክንያቱም የሙዚቃው ድምፅ ማጉያ የፊውዙን ሳጥን ሳይነካ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ተያይዞ ነበር። በአንድ ሌሊት የሚጠጣውን የቀኑ ጉዞ ይተካዋል፤ ከቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እስከ ሰኞ ጎሕ ግን 33 ሰዓት ነው፤ 2 በ33 ሲባዛ 66 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው ደግሞ 60 ብቻ ነበር። ደጋግሞ ባዶውን የቀረ ባትሪ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረ ኀይል መያዝ ይሳነዋል፤ ፊተኛውንም የገደለው ይኸው ነው። እንዲህ ከሆነ ሌባውን ሳይዙ አዲስ መግዛት ሁለተኛውንም ለሞት መስጠት ነው።

ይህን የሚሠራ ሰው ይጠንቀቅ። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ በውስጡም ዐይን የሚያጠፋ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። እሳትና ሕፃናት ይራቁ፤ ነጌቲቩ ሲፈታ ፊተኛ፣ ሲታሰር ኋለኛ ይሁን።

የድምፅ ማጉያው ገመድ መኪናው ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ በቁልፉ በኩል ተመለሰ። ልጆቹም አሁን ጧት የሚነሡት ለትምህርት ብቻ ነው።