ስለ ታላላቅ ሯጮችና ስለ ድኻ ልጆች

ስሙ የታወቀ ሯጭ ለድኻ ልጅ የሚሰጠው ርዳታ ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ገንዘብ ወይም ጫማ ነው ብሎ ይመልሳል። ጫማ መስጠትስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአገራችን የተደረገውን ለመረመረ ሰው ከጫማው የሚቀድም ነገር እንዳለ ይገለጥለታል።

ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የኦሊምፒክ ጨዋታ የ5,000ንና የ10,000 ሜትርን ሩጫ ባሸነፈ ጊዜ፣ በአሰላ አጠገብ ዐሥር ልጆች ካሉበት የገበሬ ቤት የተወለደ የሰባት ዓመት ልጅ ወሬውን በራዲዮ ሰማ። ይህም ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንዲሁ። ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለ ነበር፣ የዓለም ጀግና ከሆነም በኋላ ሲሮጥ ግራ ክንዱ እንደ ታጠፈ ቀረ። ምሩጽ ግን በዚያ ጊዜ ይህን ልጅ አያውቀውም።

እንግዲህ የታላቅ ሰው ሥራ እርሱ ባልሄደበት ቦታ ያስተምራል ማለት ነው። ነገር ግን በሩቅ የተሰማው ወሬ ፍሬ እንዲያፈራ በቅርብ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህም የበቆጂ ከተማ ምስክር ናት።

በቆጂ በአርሲ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ብርዳማ አገር ላይ ትገኛለች። በዚያ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሕፃናትን ሩጫ ያለማምድ ነበር። በሕፃንነቷ ከብት ትጠብቅ የነበረችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር አሸንፋ፣ ከጥቁር አፍሪቃውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ከዚያ ወዲያ የበቆጂ ልጅ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ አይመለከትም፤ አሸናፊዪቱ የጎረቤት ልጅ ናትና። ሴት ልጁን ለውሃና ለእንጨት ብቻ ይፈልጋት የነበረ አባትም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አገኘ። የስንታየሁ ተማሪዎች የነበሩት ቀነኒሳ በቀለና የደራርቱ ዘመድ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5,000ና በ10,000 ሜትር አሸነፉ።

ታናሹ ከታላቁ የተማረው እግር ማንሣትን ብቻ እንዳልሆነ በ1996 ዓ.ም. በአቴና ታየ። ኃይሌ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ታሞ በ10,000 ሜትር ወደ ኋላ በቀረ ጊዜ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስሕን እንዲደርስባቸው ብለው ፍጥነታቸውን ቀነሱለት። በመጨረሻ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ወርቅ የሚያህል ነገር በፊቱ እያለ ታላቁን የሚጠብቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ኋላም ኃይሌ በ2009፣ ደራርቱ በ2011፣ ስለሺ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በየተራ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኃይሌ በ1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በመጀመሪያው ጊዜ 10,000 ሰው የሮጠበት ነው፤ ለሕፃናትም የተለየ ውድድር አለው።

በዚህ ነገር ውስጥ አደጋም አለ። ሩጫ ከሚጀምሩት ብዙዎች መካከል ለዓለም ውድድር የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ልጁ ግን የሚያየው የአሸናፊውን ቤትና መኪና ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በሰሚት፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ያደገ የድኻ ልጅ የሚለማመድበት ሜዳ ሲያጣ መኪና ሳይበዛ ጎሕ ሲቀድ በአስፋልቱ ዳር ይሮጣል፤ ደክሞትም ከክፍል ይቀራል። ወላጁ ቢቆጣው አይሰማም፤ መምህሩ ቢመክረው፣ ሮጦ የማያውቅ ሰው ምን ያውቃል ይላል። ጉልበቱ ታሞ ዓመት የተኛ፣ ተሸንፎም ያለቀሰ ሯጭ ይህንኑ ቃል ቢነግረው ግን ያደምጣል።

ስለዚህ መምህር ወይም የአገር ሽማግሌ ሯጭ በጋበዘ ጊዜ ንግግር ብቻ አያድርግለት። ከልጆቹ ጋር አንድ ዙር ይሩጥ፤ ስለ ሽንፈቱና ስለ ሕመሙም ይጠየቅ፤ ከሁሉ በኋላ የልጆቹን ደብተር እየገለጠ ይመልከት።