ላይፍ ጃኬት መቼ ይለበሳል?

ሰመር እየደረሰ ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሐይቅ ይሄዳል፤ ጀልባ ተከራይቶም ይዝናናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ላይፍ ጃኬት እንማራለን። በአማርኛ «የነፍስ አድን ሰደርያ» ልንለው እንችላለን። ሰደርያ ማለት እጅጌ የሌለው፣ ከሸሚዝ በላይ የሚለበስ ልብስ ነው።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት በጀልባ ላይ ላለ ሰው ሁሉ በልኩ አንድ ላይፍ ጃኬት መኖር አለበት። ግን ብዙ ጊዜ ከመቀመጫ ሥር እንደተቀመጠ ይቀራል። «ሲያስፈልግ እንለብሰዋለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ሐሳብ ያስኬዳል? እስቲ አብረን እንየው።

ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ

ከጀልባ የሚወድቅ ሰው አስቀድሞ «ልወድቅ ነው» አይልም። ፎቶ ለመነሣት ብድግ ሲል ወይም የሌላ ጀልባ ማዕበል ሲመጣ በድንገት ይወድቃል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ አየሩ ቢሞቅም የሐይቁ ውሃ ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ውሃ ቶሎ አይሞቅማ!

ጎርደን ጊስብሬክት የተባሉ የካናዳ ሳይንቲስት በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሆነውን «1-10-1» በሚል ያስተምራሉ። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሰው ሳይፈልግ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያኔ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይገባበታል። ከዚያ ወደ 10 ደቂቃ ያህል እጁና እግሩ ይታዘዙለታል፤ ቀስ በቀስ ግን ይደክማሉ። ከቅዝቃዜው የተነሣ ራሱን እስኪስት ግን ወደ 1 ሰዓት ያህል አለው። ችግሩ ምንድን ነው? ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ሰው እዚያ ሳይደርስ ሊሰምጥ ይችላል።

«እኔ ዋና እችላለሁ» ትሉ ይሆናል። ጎበዝ! ግን የመዋኛ ገንዳ ጠርዝ አለው፤ ሐይቅ መሐል የሚያዝ ነገር የለም። ደግሞም ውሃ ውስጥ ገብቶ ላይፍ ጃኬት መልበስና መቆለፍ በጣም ከባድ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የአሜሪካ ኮስት ጋርድ እንደመዘገበው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞቱት ሰምጠው ነው። ከሰመጡት ከ100 ሰዎች 87ቱ ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የፌዴራሉ ሕግ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባው ሲሄድ እንዲለብሱ ያዝዛል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላሉ ልጆች ግን አያስገድድም። ስቴቱ የራሱ ሕግ ካለው የስቴቱ ይሠራል። ለምሳሌ በዋሽንግተን ስቴት ርዝመቱ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች መልበስ አለባቸው።

ታዲያ መቼ እንልበስ?

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቀላሉ መልስ ይኸውላችሁ፦ ጀልባው ከማቆሚያው ሳይፈታ ልበሱ፤ ተመልሶ ታስሮ እስክትወርዱም አታውልቁ። እንዲህ ካደረጋችሁ በየመሐሉ «አሁን ልልበስ? አሁን ላውልቅ?» ብላችሁ አትቸገሩም።

ትልልቅ ሰዎችም ቢሆኑ በተለይ በእነዚህ ጊዜያት መልበስ ይገባቸዋል፦
- ዋና የማይችሉ ከሆነ፣
- ጀልባው ትንሽ ከሆነ ወይም በመቅዘፊያ የሚሄድ ከሆነ፣
- ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ፣
- ነፋስ ሲነሣ ወይም ሲመሽ፣
- ብቻቸውን ሲሆኑ።

ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

በውስጡ ያለው ጽሑፍ ለስንት ኪሎ ወይም ፓውንድ እንደተሠራ ይናገራል። ቆልፉትና እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። ከዚያ ሌላ ሰው በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁንና ጆሯችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል፤ ሌላ ጠይቁ። በክንድ ላይ የሚደረጉ በአየር የሚነፉ መጫወቻዎች ላይፍ ጃኬትን አይተኩም።

ለትልቅ ሰው እንዴት እንንገር?

ከወላጆቻችን መካከል ዋና ሳይማሩ ያደጉ አሉ። ሕጉ ብዙ ጊዜ ልጆችን እንጂ እነሱን አያስገድድም። እናንተ ብትወድቁ ግን አባባ ወይም እማማ ሳያስቡ ዘለው ሊገቡ ይችላሉ፤ ያኔ አደጋ ላይ ያለው ሰው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በትሕትና ንገሯቸው፦ «አባዬ፣ አንተም ልበስ እንጂ!» «እማዬ፣ ያንቺስ የታለ?» ለአያት ደግሞ፦ «አያቴ፣ እባክዎ ይልበሱ፤ እኔ እቆልፍልዎታለሁ።»

ወደ ኢትዮጵያ ሄዳችሁ ከባሕር ዳር በጀልባ የጣናን ገዳማት ልታዩ ስትነሡም እንዲሁ አድርጉ። ከመሳፈራችሁ በፊት በልካችሁ የሚሆን መኖሩን ጠይቁ።

አዲስ ቃላት
መስመጥ፦ ውሃ ውስጥ ወደ ታች መግባት።
መንሳፈፍ፦ ውሃ ላይ ሳይሰምጡ መቆየት።
መቅዘፊያ፦ ጀልባ የሚገፋበት እንጨት።

የቤት ሥራ፦ በእነዚህ ሦስት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩና ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። ሳምንት ሰው ይበለን፤ ደኅና ሰንብቱ!