ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ እናታችን ስንት ሰዓት ነው የምትቀመጠው?



አራስ ልጃቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው። በረራው ማታ 4:30 ተነስቶ ጠዋት 2:30 ይደርሳል ሲባል «አስር ሰዓት ናት፣ ተኝታ ትደርሳለች» እንላለን። ግን ሁለቱ ከተሞች በበጋቸው የ7፣ በክረምታቸው የ8 ሰዓት ልዩነት አላቸው። ስለዚህ ያቺ «አስር ሰዓት» ቢያንስ 17 ሰዓት ናት!

ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲመለሱ በቀጥታ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሲሄዱ የሚረዝመው ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። በዚያን ጊዜም ተሳፋሪው ከመቀመጫው ላይነሳ ይችላል።

ይሄ ለጤና ምን ያገባዋል?

የባታችን ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደምን ወደ ልብ ይገፋል። ለረጅም ሰዓት ከተቀመጥን ደሙ እግር ላይ ይዘገያል፣ ሊረጋም ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሕይወት ያጠፋል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ4 ሰዓት በላይ ከሚበሩ 6,000 ሰዎች አንዱን ገደማ ያጋጥማል። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ እርግዝና፣ ካንሰር፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ጥገና፣ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒኖች እና ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ማወቁ ግን አደጋውን ይጨምራሉ። እነዚህ ያሉባችሁ ከጉዞ በፊት ሐኪም አማክሩ።

እናቶቻችን ላይ የማየው ችግር ይሉኝታ ነው። ጎን ያለውን ሰው «አሳልፈኝ» ላለማለት ሽንት ቤት አይሄዱም፤ ሽንት እንዳይመጣም ውሃ አይጠጡም። ስለዚህ፦

✅ ወንበር ስትመርጡላቸው መስኮት ዳር ሳይሆን መተላለፊያው ጋ ይሁን።
✅ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ። ሲቀመጡም ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ።
✅ ውሃ ይጠጡ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ይቅር።
✅ የስኳርና የግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይላክ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ሰዓቱ ሲቀየር እንዴት እንደሚወጉ አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።
❌ ሰው ስለነገራችሁ ብቻ አስፕሪን አትጀምሩ።

ከደረሱ በኋላም ለሳምንታት ልብ በሉ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ካመመ ወይም ከጋለ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ በዕለቱ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ደግሞ ሳትዘገዩ አምቡላንስ ጥሩ።

እናቱን ለሚጠብቅ ሁሉ ሼር አድርጉለት። መልካም ጉዞ!