ላንታናይዶችና የብርሃን ምልክት

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት፣ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ግርጌ ተነጥለው የተቀመጡት ላንታናይዶች በስም ብቻ ተጠቅሰው የሚታለፉበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ የሚሰጡት ብርሃን ለዛሬው የሕክምና ምርምር ትልቅ ዋጋ ያለው ጠባይ አለው።

ብርሃኑን የሚያመነጩት የ4ኤፍ ኤሌክትሮኖች በ5ኤስና በ5ፒ ኤሌክትሮኖች የተከለሉ ስለሆኑ፣ በዙሪያቸው ያለው ቁስ እምብዛም አይነካቸውም። ስለዚህ ፍካታቸው እንደ ተራ ፍሎረሰንት ማቅለሚያ የተንሰራፋ ሳይሆን ቀጭን መስመር ነው። የማቅለሚያው ፍካት በናኖሰከንዶች ሲጠፋ፣ የእነዚህ ከማይክሮሰከንድ እስከ ሚሊሰከንድ ይቆያል።

ተመራማሪዎች እነዚህን አዮኖች በናኖሜትር በሚለኩ ክሪስታሎች ውስጥ ያስገባሉ። በሶዲየም ኢትሪየም ፍሎራይድ ክሪስታል ውስጥ ኢተርቢየም 980 ናኖሜትር የሆነውን የማይታይ ብርሃን ተቀብሎ ለኤርቢየም ሲያስተላልፍ አረንጓዴና ቀይ፣ ለቱሊየም ሲያስተላልፍ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ይገኛል። ተለይተው የሚታዩ 3 ዓይነት አዮኖች በመኖርና ባለመኖር ብቻ ቢጣመሩ 7፣ 4 ቢሆኑ 15 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ። በዚህም መንገድ አንድ ትንሽ ናሙና ሳይከፋፈል በርካታ የበሽታ ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ለይቶ ማየት ይቻላል። ኤውሮፒየም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በደም ምርመራ ላቦራቶሪዎች አገልግሏል። ናኖቅንጣቶቹ ግን በሰውነት ውስጥ ያላቸው ደኅንነት ገና በመጠናት ላይ ስለሆነ በአብዛኛው ከምርምር አልወጡም።

በሶሮ ወረዳ፣ በጊምቢቹ ከተማ የሚያስተምር መምህር ይህን ሁሉ መሣሪያ ባያገኝም መሠረተ ሐሳቡን በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሪቱ በሰፊው የተሠራጨው ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት አምፖል የውስጥ ቅቡ በተለምዶ ኤውሮፒየምና ተርቢየም አለበት። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በካርቶን ላይ በተበጀ ጠባብ ስንጥቅ ያለፈው የአምፖሉ ብርሃን በሲዲ ላይ ሲያርፍ፣ በ611 ናኖሜትር አካባቢ ያለው የኤውሮፒየም ቀይ መስመር ለብቻው ይታያል። የሻማ ብርሃን ግን ያልተቋረጠ ኅብረ ቀለም ይሰጣል። አምፖሉ ሜርኩሪ ስላለበት እንዳይሰበር መጠንቀቅ፣ ፀሐይንም በዚህ መንገድ ፈጽሞ አለመመልከት ያስፈልጋል።

ይህ አምፖል በኤልኢዲ እየተተካ በመሄድ ላይ ይገኛል፤ ተራ ኤልኢዲ ደግሞ እንዲህ የጠሩ መስመሮችን አያሳይም። ስለሆነም የትምህርት መሣሪያ ዕቅድ አውጪዎች፣ የሚሠሩ ጥቂት አምፖሎች ከመጥፋታቸው በፊት ተሰብስበው በየትምህርት ቤቱ እንዲቀመጡ ቢያደርጉ፣ ያለ ብዙ ወጪ አንድ ጠቃሚ ሙከራ ለተማሪዎች ሊተርፍ ይችላል።