አዲሱ ዳክ ድምፁን አሻሽሎታል? ዐይንን ከልክሎ ጆሮን መጠየቅ

ሰኔ ላይ ጠዳ አጎቴ ቤት ስገባ፣ ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው የክራር ዘፈን እያዳመጡ ነበር። ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ ተቀምጣለች። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ያመጣላቸው ዳክ ናት። «ስማው እስቲ! ክራሩ ነፍስ ዘራ እኮ» አሉኝ። እውነትም ጅማቱ ሲመታ፣ ከዚያም ንዝረቱ ቀስ እያለ ሲሞት ከፊቴ የተቀመጠ ሰው የሚጫወት መሰለኝ። ወደድኩት። ያስወደደኝ ግን ዳኳ ትሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ያን ማታ እንዴት እንደለየነው ልንገራችሁ፤ ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላልና።

መጀመሪያ ዳክ ምንድን ነው? በስልክ፣ በፍላሽ ወይም በሲዲ የተቀመጠ ዘፈን የቁጥር ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ የድምፁን ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግባል። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ የሚያንቀሳቅሰው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ቁጥሩን ወደዚያ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው ክፍል ዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ፣ በአጭሩ ዳክ ይባላል። በስልካችሁ፣ በላፕቶፑ፣ በቴሌቪዥኑና በዲሹ ሪሲቨር ውስጥ አለ። ስለዚህ ሌላ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፦ ያለኝን ይበልጣል? ብልጫውስ ለጆሮ ይሰማል?

መልሱን ከሚያሳስቱ ነገሮች ዋናው የድምፅ ጉላት ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ተሰምቶ ሁለተኛው በጥቂቱ ጎላ ቢል፣ ሰሚው «ጎላ» አይልም፤ «ጠራ፣ ሞቀ፣ ባሱ ጠነከረ» ይላል። ሲዲ ማጫወቻዎችና ብዙ ዳኮች በሙሉ ድምፅ 2 ቮልት ገደማ ያወጣሉ። የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ቮልት አይበልጥም። እጥፍ ቮልት 6 ዴሲቤል ማለት ነው፤ ይህን ማንም ይሰማዋል። ዳክ የሰካ ሰው ሳያውቀው ድምፅ ጨምሮ፣ የጉላቱን ውለታ ለዕቃው ይሰጠዋል።

ሁለተኛው አሳሳች ዐይን ነው። ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? አዲሱን ዕቃ ያየ፣ ዋጋውን የሰማ፣ ያመጣለትን ዘመድ የሚወድ ልብ ጆሮ ሳይጠየቅ ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል። ይህ ያላዋቂ ስሕተት አይደለም፤ የድምፅ ባለሙያም አያመልጠውም። መፍትሔው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ናሙና ለቀማሽ የሚቀርበው በኮድ ነው፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ ደረጃ ይሰጣል። ለጆሮም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

እኛም እንዲህ አደረግን። አንድ ዓይነት የዘፈን ፋይል በሁለት ስልኮች ላይ ጫንን። የጋሼን ስልክ በጃክ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ አንዱ መግቢያ፣ የእኔን በዳኳ በኩል ከሌላው መግቢያ ጋር አገናኘን። ከዚያ ጉላቱን አስተካከልን። በነጻ ከሚገኙ አፖች አንዱ 200 ኸርዝ ገደማ የሆነ ወጥ ድምፅ እንዲያወጣ አድርገን፣ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር ለካን። አንዱ 1.00 ቮልት ሲያሳይ ሌላውም እዚያው ድረስ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ካልበለጠ 0.1 ዴሲቤል ያህል ስለሚሆን ጆሮን አያሳስትም። ቴስተሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ ይሁን። በጆሮ ግምት ማስተካከል አይበቃም።

ቀጥሎ ጋሼ ጀርባቸውን ለአምፕሊፋየሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ልጃቸው የአንድ ብር ሳንቲም ትወረውራለች፤ አንበሳው ሲወጣ በዳኳ፣ ሚዛኑ ሲወጣ በስልኩ እያደረገች ያንኑ የክራር መግቢያ ሃያ ሰከንድ ታሰማቸዋለች፤ መልሳቸውን ከትክክለኛው ጎን ትጽፋለች። አንድም ቃል አትናገርም። መጀመሪያ ሁለቱን በግልጽ እየነገረቻቸው ደጋግማ አሰማቻቸው፤ ልዩነቱን አገኘሁት ሲሉ ፈተናው ተጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አቁመን፣ ሲያባራ ቀጠልን።

ከ10 ሙከራ 6 አገኙ። ስድስት ከግማሽ ስለሚበልጥ ያወቁ ይመስላል። ነገር ግን በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው 6 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 38 በመቶ ገደማ ነው። 9 ወይም 10 የማግኘት ዕድሉ ግን 1 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የደረሰ ሰው በእርግጥ ይሰማዋል ብንል ብዙም አንሳሳትም። ጆሮ ለመለየት የተቸገረው እኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካውያኑ ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ የላቀ ጥራት ካለው ዲስክ የሚወጣው ድምፅ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ደረጃ ወርዶ ለአድማጮች ተሰማ። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276፣ ማለትም ግማሹ ነበር።

ይህ ሲባል ዳክ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ስፒከሩ እምም የሚል ከሆነ፣ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ጭርጭር የሚል ከሆነ፣ ወይም ስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ዳክ ችግሩን ሊፈታ ይችላል፤ ያን ለማወቅም ሳንቲም መወርወር አያስፈልግም። ለዚህም ውድ ዕቃ የግድ አይደለም። በ9 ዶላር የሚሸጠው የአፕል የዩኤስቢ ሲ ጆሮ ማዳመጫ ማገናኛ ራሱ በውስጡ ጥሩ ዳክ አለው።

የእኛ ሙዚቃ ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ከዳክ በፊት ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸውን የመሰሉ ዘፈኖች ለብዙዎቻችን የደረሱን ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጠው፣ ኋላም በትንሽ ፋይል ተጨምቀው ነው። በተራ ካሴት ላይ በዘፈኑና በቴፑ ሽሽታ መካከል ያለው ርቀት 50 ዴሲቤል አካባቢ ሲሆን የሲዲው 96 ይደርሳል። የደፈረሰ ውሃ በጠራ ብርጭቆ ቢቀዳ ያው ድፍርስ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች እንዳደረገው ከጥሩ ቅጂ በጥንቃቄ የተዘጋጀ እትም ማግኘት ከአዲስ ዳክ ይልቅ ጆሮን ይክሳል።

ቀጥሎ ክፍሉ ነው። የጋሼ ስፒከሮች ቡፌው ላይ ጥግ ተለጥፈው ነበር፤ ጥግ ባስን ያጎላና ያደፈርሳል። ባዶ ሲሚንቶ ወለልና ልሙጥ ግድግዳ ደግሞ ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል። ስፒከሮቹን ሦስት ክንድ ያህል ከጥጉ አራቅናቸው፤ ወደ መቀመጫቸው አዞርናቸው፤ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ከጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጋቢ ሰቀልን። ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ጉላት፣ በስልኩ ቀዳዳ ከፈትን።

ጋሼ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «አሁንስ ሳንቲሙን ተዪው» አሏት ልጃቸውን። «ጣቱ ጅማቱን ሲለቅ ተሰማኝ።» ዳኳን ጃክ ለሌለው የልጃቸው ስልክ ሰጧት፤ ጋቢው ግን እስካሁን ከግድግዳው አልወረደም።